ፈተና፣ ውድቀትና ሐፍረት፦ በጅማ ከምእመናን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የወንጌላውያን አማኞችን በምክር አገለግላለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የቀሩት ነጋዴዎች፣ ባለትዳሮች፣ አልፎ አልፎም ራሳቸው አገልጋዮች ናቸው። የሚያነሱት ጉዳይ ይለያያል፤ ከጉዳዩ በስተኋላ ያለው ጭንቀት ግን አንድ ነው፦ «ይህን ሰው ቢያውቅብኝስ?» ጠያቂዎቹ እንዳይታወቁ ጥያቄዎቹን በራሴ አባባል አስፍሬያቸዋለሁ። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞችና እኅቶችም ስለሚጠይቁኝ አሠራራችን የሚለያይበትን ቦታ ጠቁሜያለሁ።

ክፉ ሐሳብ ሲመጣብኝ ያን ጊዜውኑ በድያለሁ ማለት ነው?

አይደለም። ዕብራውያን 4፥15 ኢየሱስ በነገር ሁሉ እንደ እኛ እንደ ተፈተነ፣ ኃጢአት ግን እንዳልነበረበት ይናገራል። መፈተን በራሱ በደል ቢሆን ኖሮ ይህ ሊባል አይችልም ነበር። ያዕቆብም በመጀመሪያው ምዕራፍ ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል፤ ሰው በራሱ ምኞት ይሳባል፣ ይታለላል፣ ከዚያ በኋላ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች። በመሳብና በመፅነስ መካከል ጊዜ አለ። መንገድ ላይ ዓይንህ ያረፈበትን መርጠህ አላየኸውም፤ ዞረህ ሁለተኛ ያየኸው ግን ያንተ ነው።

ይህን ልዩነት አጥብቄ የምናገረው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ብዙ ወጣቶች ሐሳቡ ገና ብቅ ሲል «እንግዲህ አንዴ ተበላሽቻለሁ» ይሉና እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ያልሠሩትን ኃጢአት እንደ ሠሩ መቁጠራቸው ለመሥራት ምክንያት ይሆናቸዋል። ሐሳቡ የመጣብህ ሰው ገና ምንም አልጠፋህም፤ ልትመለስ የምትችልበት ቦታ ላይ ነህ።

ስጾምና ስጸልይ ለምን ይብስብኛል?

ኢየሱስም የተፈተነው ከተጠመቀና «የምወደው ልጄ» ከተባለ በኋላ፣ ያውም አርባ ቀንና ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ፈተናም እንጀራ ነበር። ፈታኙ የመጣው ሥጋ በደከመበት በኩል ነው። ስለዚህ በጾም ወቅት መፈተንህ ጾምህ እንዳልሠመረ አያሳይም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዓርብ አዳር ጸሎት ላይ ታድራለህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ትገባለህ፤ ከሰዓት በኋላ ለመዘምራን ልምምድ ትቆማለህ፤ ማታ ብቻህን ስልክህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ከዚያ እሑድ ትመጣና «ከፍ ያለ ውጊያ ገጠመኝ» ትለኛለህ። ውጊያውን አልክድም፤ እንቅልፍ ግን አልተኛህም። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ሞቱን ሲመኝ እግዚአብሔር በመጀመሪያ ያስተኛዋል፣ በመልአክ እጅ ያበላዋል፣ ደግሞ ያስተኛዋል፣ ደግሞ ያበላዋል። ቃሉ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

ከወደቅሁ በኋላ ወዲያው መጸለይ ድፍረት ይመስለኛል። ጥቂት ቀን ብቆይ አይሻልም?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህኛው ይከብደኛል፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ፈተና የሚሰጡ ስብከቶች አብዛኞቹ ከውድቀት በፊት ስላለው ሰዓት ናቸው፤ ሽሹ፣ ተጠንቀቁ፣ ትጉ። ከውድቀት በኋላ ስላለው የመጀመሪያ ሰዓት የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ውድቀቱ የአንድ ማታ ነው፤ መሸሸጉ ሴሚስተር ይፈጃል። በመጀመሪያ እሑድ ይቀራል። ከዚያ የኅብረቱ ልጆች ሲደውሉ ስልክ አይነሣም። መንገድ ላይ አገልጋይ ከሩቅ ሲታይ ወደ ሱቅ ይታጠፋል። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ልጁ እምነቱን የተወ ይመስለዋል፤ እምነቱን ግን አልተወም፤ ያፈረው ሰውን ነበር። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ብቻውን ስለሆነ ደግሞ ያንኑ ነገር ደጋግሞታል።

ዘፍጥረት 3 ላይ አዳምና ሔዋን ከበሉ በኋላ ያደረጉትን ተመልከት። የበለስ ቅጠል ሰፉ፤ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሲሰሙ በዛፎች መካከል ተሸሸጉ። የእግዚአብሔር የመጀመሪያ ቃል «ወዴት ነህ?» የሚል ነበር። ፍርዱን ከተናገረ በኋላም፣ ከገነት ከማስወጣቱ በፊት፣ የቁርበት ልብስ አደረገላቸውና አለበሳቸው። ቅጠሉን አውልቆ ራቁታቸውን አልሰደዳቸውም።

ይሁዳና ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ነው የወደቁት። ይሁዳ ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ ተናዝዟል። የተናዘዘው ግን ለካህናት አለቆች ነበር፤ እነርሱም «እኛስ ምን አግዶን?» አሉት። ነገሩን ተሸክሞ ብቻውን ወጣ። ጴጥሮስ ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ ከሌሎቹ አልተለየም፤ ዮሐንስ 21 ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ስድስት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ኢየሱስን በባሕሩ ዳር ባወቀው ጊዜ ታንኳይቱ እስክትደርስ አልጠበቀም፤ ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕር ራሱን ጣለ። በዳርቻው የከሰል ፍም ነበረ። ዮሐንስ የከሰል ፍም ያነሣው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ጴጥሮስ ሲክድ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የሞቀው፣ ሁለተኛው ይህ ነው። ጌታ ጴጥሮስን ያንኑ ሽታ ወዳለበት ቦታ አመጣው፤ መጀመሪያ ግን አበላው። ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው፤ እርሱም ስለ ፍቅር እንጂ «ለምን ካድኸኝ?» የሚል አልነበረም።

ስለዚህ አትቆይ። «ጥቂት ቀን» የምትለው ራስህን የምትቀጣበት ጊዜ ነው። ሦስት ቀን አንገትህን ደፍተህ ስትውል ዕዳህን በከፊል የከፈልክ ይመስልሃል። ዕዳው በሌላ ተከፍሏል። ያንኑ ማታ፣ ያንኑ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ጸልይ። ቃል አታሳምር፤ የሠራኸውን በስሙ ጥራው። «ዳግመኛ አላደርገውም» ብለህም አትማል። ጴጥሮስ «ከአንተ ጋር መሞት እንኳ የሚያስፈልገኝ ቢሆን» ብሎ የማለው በዚያው ሌሊት ነበር። መሐላው በፈረሰ ጊዜ በአንዱ ሐፍረት ላይ ሌላ ሐፍረት ይደረባል። ቀጥሎ ላለው ቀን ብቻ ጸልይ።

የመንፈስ ቅዱስን ወቀሳ ከጠላት ክስ እንዴት ልለይ?

ወቀሳ ነገሩን በስሙ ይጠራዋል። ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ ስለ ኦርዮና ስለ ሚስቱ ተናገረ እንጂ «አንተ ድሮም ለንግሥና አትሆንም» አላለውም። ክስ ሥራውን ትቶ ሰውየውን ይይዛል፤ በምን በኩል እንደምትመለስም አይነግርህም። ራእይ 12፥10 ሰይጣንን የወንድሞች ከሳሽ ይለዋል። 2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ደግሞ ወደ መዳን የሚያደርስ ንስሐን ስለሚያመጣ ኀዘንና ሞትን ስለሚያመጣ ኀዘን ይናገራል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ስሜቱ ወደ ጸሎትና ወደ ሰው የሚገፋህ ከሆነ ተቀበለው፤ በር ዘግተህ እንድትተኛ የሚገፋህ ከሆነ አትመነው። የተናዘዝከው የቆየ ኃጢአት በየሌሊቱ እየተነሣ የሚያስጨንቅህ ከሆነ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን ድምፅህን አውጥተህ አንብበው።

ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የተናገርኩት ነገ መርካቶ ይደርሳል። ለማን ልናገር?

ፍርሃትህ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከሂርማታ እስከ ጅሬን ሰው በሰው ይተዋወቃል፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ማታ የተባለው ጠዋት ዋናው ግቢ የተሰማበት ጊዜ አለ። ከሐሜት ሁሉ የሚከፋው ደግሞ «ለእገሌ እንጸልይለት፣ ከባድ ነገር ውስጥ ገብቷል» ተብሎ የሚጀመረው ነው፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በአክብሮት ይሰማዋልና።

ይሁን እንጂ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የምትነግረውን ሰው በስብከቱ ወይም በድምፁ አትምረጠው። ስለ ሌሎች ሲናገር ምን እንደሚል አድምጥ። የሌላውን ገበና ላንተ የሚያወጋህ ሰው ያንተንም ለሌላው ያወጋዋል። የራሱን ድካም ሲናገር ሰምተኸው ታውቃለህ? አንድ ጊዜ እንኳ ካልሰማህ ቆም በል። ወንድ ከሆንክ ለወንድ፣ ሴት ከሆንሽ ለሴት ቢሆን ይመረጣል። ከዕድሜ እኩያ ይልቅ አንድ ደረጃ የጎለመሰ ሰው ይሻላል፤ እኩያህ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ «እኔም እኮ» ብሎ ያቀልልሃል። መድረክ ላይ ወጥተህ በምስክርነት መልክ መናገርን የመጀመሪያው አታድርገው። ለመቶ ሰው መናገር ለአንድ ሰው ከመናገር አንዳንዴ ይቀላል፤ ከመቶው ግን በሳምንቱ ማንም አይጠይቅህም።

ኦርቶዶክሳዊ ከሆንክ መንገዱ ተጠርጎልሃል። ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው፤ የንስሐ አባትህ የሰማውን ለማንም እንዳያወጣ የታሰረ ነው፤ ቀኖናም ይሰጥሃል። የምመክርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትህ ስለሚያውቅህ አፍረህ ለማያውቅህ ካህን ለመናገር በየደብሩ አትዙር። በእኛ በወንጌላውያን በኩል ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ቢያዝዝም፣ ይህን የሚያስጠብቅ የተደላደለ ሥርዓት ባለመኖሩ ብዙ ሰው ሳይናገር ዓመታት ያልፉታል። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

በስልኬ የብልግና ምስል ከማየት መላቀቅ አልቻልኩም።

የምትወድቅበትን ሰዓት አንተም ታውቀዋለህ። ርካሹ የሌሊት ጥቅል ተገዝቷል፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞችህ ተኝተዋል፤ ብርድ ልብሱ ከራስ በላይ ተስቧል። መጀመሪያ ላይ የከፈትከው መዝሙር ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ መጣ። በዚያ ሰዓት «እጸናለሁ» ብሎ መታገል የሚያዋጣ አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥18 ከዝሙት ሽሹ ይላል፤ ዮሴፍም ከጶጢፋር ሚስት ጋር ክርክር አልገጠመም፤ ልብሱን ጥሎ ወጣ። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ከፈተናው ጋር መውጫውን እንደሚያደርግልን ሲናገር፣ መውጫው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚገኘው። ጥቅሉን አትግዛ። ስልክህ ከአልጋህ ርቆ በጓደኛህ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ይደረግ። ካስፈለገ ለጊዜው ቁልፍ ብቻ ወዳለው ተራ ስልክ ተመለስ፤ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ቢልህ ስልኬ ተበላሸ ብለህ አትዋሽ፤ «አልተስማማኝም» በለው፤ ይበቃዋል።

ትዳር ይፈውሰኛል ብለህ አትጠብቅ። ያገቡ ወንዶች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ሚስት ስላለች ደግሞ ሐፍረቱ እጥፍ ሆኗል። የሚጠይቁኝም ወንዶች ብቻ አይደሉም። ይህ ርእስ የሚነሣው በወንዶች ጉባኤ ብቻ ስለሆነ እኅቶች «ከሴቶች መካከል እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያስባሉ፤ አይደለሽም። ወደ እኔ ሲመጡ ከአንዲት የጎለመሰች እኅት ጋር አገናኛቸዋለሁ።

ብትወድቅ ምሳሌ 24፥16ን አስታውስ፤ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል። ጻድቅ ተብሎ የተጠራው የወደቀው ሰው ነው።

ጫት መቃም ኃጢአት ነው?

በከተማችን ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ሰው ጎረቤታችን፣ የሥራ ባልደረባችን፣ ብዙ ጊዜም ወንድማችን ነው። ስለ ሚቅሙ ጎረቤቶች ለመፍረድ ፍላጎት የለኝም። ክርስቲያን ወጣት ሲጠይቀኝ ግን ከ«ኃጢአት ነው? አይደለም?» ክርክር አልጀምርም፤ ክርክሩ ራሱ ጥሩ መሸሸጊያ ነውና። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 ሁሉ ተፈቅዶልኛል ካለ በኋላ አንድ ነገር እንኳ በእኔ ላይ አይሠለጥንም ይላል። ስለዚህ የምጠይቀው «ሳምንት ብትተወው ምን ትሆናለህ?» ብዬ ነው። መልሱን ከአፉ ይልቅ ፊቱ ይነግረኛል።

አካሄዱ የታወቀ ነው። ተማሪው የሚጀምረው ለጥናት ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ቅመም ያነቃዋል። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት ይተካል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ እርሱን ለመስበር ጨብሲ ተብሎ መጠጥ ይከተላል፤ ከመጠጡ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአንድ ቀን ፈተና ተብሎ የተጀመረው ሦስት ልማድ ሆኖ ያድራል።

ለመተው የወሰነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ ይዝላል፣ ይነጫነጫል፣ ሁሉ ነገር ይጨልምበታል። ብዙዎች ይህን «እግዚአብሔር ተለየኝ» ብለው ይተረጉሙትና ይመለሳሉ። እግዚአብሔር አልተለየህም፤ ሰውነትህ የለመደውን እየጠየቀ ነው፤ ያልፋል። ከቅጠሉ ይልቅ ባዶ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ባርጫው የሚጀመርበትን ሰዓት በሥራ፣ በስፖርት፣ በሰው ካልሞላኸው በራሱ ይሞላል።

ለአብያተ ክርስቲያናትም አንድ ቃል አለኝ። የሚቅም ልጅ ከበር ሲገባ ሁሉም ዞሮ ያየዋል፤ ወንድሙን በፍርድ ቤት ርስት የነጠቀው ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልጁ ጫቱን መተው ሲያቅተው ቤተ ክርስቲያኑን የሚተወው እኮ ስለዚህ ነው።

የቡና ነጋዴ ነኝ። ለዓመታት ገበሬውን በሚዛን አጉድዬዋለሁ። ተጸጽቻለሁ፤ ግን የበደልኳቸውን ሰዎች ሁሉ አላስታውስም።

ጌታ ይባርክዎ፤ ይህን የሚጠይቅ ነጋዴ ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ሚዛኑን ያስተካክሉ። እሸት ቡና የሚሰበሰብበት ወቅት ሲመጣ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ተፎካካሪዎ እንደ ቀድሞው እያጎደለ እርስዎ በትክክል ሲመዝኑ ነው ንስሐው የሚፈተነው። የሚያስታውሷቸውን ገበሬዎች ይፈልጉና ይክፈሏቸው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ኦሪቱ ደግሞ ዋናውንና አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመለስ ያዝዛል። ዘኍልቍ 5፥8 ተቀባይ ዘመድ ያልተገኘለት ሰው ጉዳይ እንኳ ሳይረሳ፣ ገንዘቡ ለእግዚአብሔር እንዲሰጥ ያደርጋል። የማያስታውሷቸውን በዚህ መንፈስ ይያዙት፤ ቡናውን ይገዙበት በነበረው ወረዳ ላሉ ድሆች ይድረስ። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሰጥተው ስምዎ በመድረክ እንዲጠራ ግን አያድርጉት።

ሳላገባ አርግዤ ከአገልግሎት ታገድኩ። የልጁ አባት እንደሆነ የሚታወቀው ሰው ግን ዝም ተብሏል።

እኅቴ፣ ዮሐንስ 8 ላይም ሴቲቱን ብቻዋን ነው ያመጧት። በድርጊቱ ላይ ተያዘች ካሉ ወንዱ የት ሄደ? አንቺ ላይ የተደረገው አዲስ አይደለም፤ ትክክልም አይደለም።

እገዳ በራሱ ስሕተት ነው አልልም። ገላትያ 6፥1 በበደል የተገኘውን በየውሃት መንፈስ አቅኑት ይላል፤ ማቅናት ደግሞ የሚታይ መጨረሻ አለው። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ጠይቂያቸው፤ እገዳው እስከ መቼ ነው? በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቴ መጥቶ የሚጠይቀኝ ማን ነው? መልስ ከሌላቸው ያገዱሽ ለማቅናት ሳይሆን ከዓይናቸው ለማራቅ ነው። ጳውሎስ ስለ ተቀጣው ሰው በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥7 ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም ብሏል። ልጅሽን በሐፍረትሽ ስም አትጥሪው፤ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ የኦርዮንም ሚስት አልዘለለም።

ያፈርኩት በሠራሁት ሳይሆን በደረሰብኝ ነገር ነው።

ንስሐ የሚገባበት ነገር የለሽም። በ2ኛ ሳሙኤል 13 የዳዊት ልጅ አምኖን የአባቱን ልጅ ትዕማርን ሊደፍራት ሲል ነውሬን ወዴት እሸከማለሁ ብላ ለመነችው። ወንድሟ አቤሴሎም «ዝም በይ» አላት፤ አባቷ ዳዊት ተቆጣ፣ ግን ምንም አላደረገም። ነውሩ የአምኖን ሳለ ቤተሰቡ ሁሉ እርሷን አሸከማት። ዛሬም «የቤተሰብ ስም እንዳይነሣ» ተብሎ በሽምግልና የሚሸፈነው እንዲሁ ነው፤ በዚህ ሽምግልና ውስጥ የሚገባ አገልጋይ ከአቤሴሎም አይሻልም። ጉዳቱ በቅርቡ የደረሰ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ድረሺ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ወንድ ልጅም ቢሆን ይህ ይደርስበታል፤ ቃሉ ለእርሱም ነው።

እንግዲያው ሐፍረት ጨርሶ መጥፎ ነው?

አይደለም። ኤርምያስ 6፥15 ማፈርን ያላወቁ ሰዎችን ይወቅሳል። ሚስቱን በሰው ፊት ሰድቦ የማያፍር ባል ሲገጥመኝ ጥቂት ሐፍረት ብመኝለት ደስ ይለኛል።

መንፈሳዊ ምክር የማይበቃው መቼ ነው?

ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ፤ የተናዘዝከውን አንድ ነገር በቀን ውስጥ ደጋግመህ ካልተናዘዝክ ዕረፍት ካጣህ፤ ከሁሉም በላይ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ሐኪም ማየት አለብህ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። የመሞት ሐሳቡ ካለ ዛሬውኑ ሂድ፤ ብቻህንም አትሂድ። ለወባ መድኃኒት የሚውጥ ክርስቲያን ለዚህኛው መድኃኒት ቢውጥ እምነቱ አይጎድልም።

ለመናገር ወስኛለሁ። ግን ምን ብዬ ልጀምር?

በጽሑፍ መልእክት አትላከው፤ የተላከ ነገር ፎቶ ተነሥቶ ይዞራል። እሑድ ከአምልኮ በኋላም አትጀምረው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩላል። ቀጠሮ ያዝ። ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ከከበደህ አብራችሁ እየተራመዳችሁ ይሁን፤ ከመሐል ከተማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ነው የምትሄዱት፤ ዓይን ለዓይንም አትተያዩም። «ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ፤ እስክጨርስ አያቋርጡኝ» ብለህ ጀምር። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አውጣው፤ ስለ አየሩና ስለ ትምህርት እያወራችሁ ቤተ መንግሥቱ በር ከደረሳችሁ ሳትናገር ትመለሳለህ። የሠራኸውን በስሙ ተናገር፤ «አንዳንድ ድካሞች አሉብኝ» ማለት መናገር አይደለም። የመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሆነም ጨምርበት። እርሱ ሲመልስልህ ምክሩ ባያረካህ አትዘን፤ የሄድከው ለምክር ብቻ አልነበረም። ከመለያየታችሁ በፊት ደግሞ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጣችሁ ተለያዩ፤ «እንገናኛለን» ብላችሁ ብቻ አትለያዩ።